ከመሠረት ቁፋሮ የወጣ ገል ምን ይነበብበታል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ሱሉልታ ዳር ለቤት መሠረት ሲቆፈር 1 ሜትር ከ20 ላይ አመዳም አፈር፣ 40 የሚያህሉ የሸክላ ስብርባሪዎችና 3 የሚያብረቀርቁ ጥቁር ድንጋዮች ወጡ። ጥቂቶቹ ገሎች ጥላሸት ይዘዋል፤ አንዱ ደግሞ በውስጥ በኩል ተቦርቡሯል። እንዲህ ያለ ስብርባሪ ስለ ቅድመ ታሪክ ሰዎች አኗኗር ምን ይነግረናል? ዕድሜውስ በምን ይታወቃል? አጥበን ብናስቀምጠውስ?

ከመጨረሻው ልነሳ፦ አይጠቡት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ገሉን ባልዲ ውስጥ ነክሮ በብሩሽ መፈተግ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት የሚጠፋው ነገር ተመልሶ አይገኝም። ጥላሸቱ ይለቃል፣ ከውስጥ የተጋገረው የምግብ ቅሪት ይላጣል፣ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ከሆነማ ገሉ ራሱ ውሃ ጠጥቶ ይፈረፈራል። አፈሩ እንደያዘው ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ አያስጡት።

ለመሆኑ ገል ይህን ያህል የሚፈለገው ለምንድን ነው? በአንድ ጥንታዊ ሰፈር ውስጥ ከነበረው ዕቃ አብዛኛው አፈር ሆኗል። ቅሉ፣ ስልቻው፣ ሰፌዱ፣ የቤቱ ማገርና ወጋግራ በስብሷል። ብረት ቢኖርም ቀልጦ ሌላ ዕቃ ሆኗል። ሸክላ ግን ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ከተተኮሰ በማዕድኑ ውስጥ የተቆራኘው ውሃ ይወጣና ዳግመኛ ጭቃ አይሆንም። ሲሰበርም የሚፈልገው ስለሌለ እዚያው ደጅ ይጣላል። መቃብርና ትክል ድንጋይ የሚያሳዩን ሰዎቹ እንዲታይላቸው የፈለጉትን ነው። ገል ግን ማንም ይታይልኝ ሳይል ጠዋት ተጠርጎ የወጣ ነገር ነው። ስለ እራታቸው፣ ስለ ውሃቸው፣ ስለ መጠጣቸው፣ ማን ከማን ሙያ እንደተማረ ለማወቅ የሚጠየቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዕድሜው። እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአገራችን ሸክላ ያለ መንኮራኩር፣ በእጅ ብቻ ተሠርቶ በሜዳ እሳት የመተኮሱ ነገር ዛሬም አልቀረም። ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች ትናንት የሠሩት ድስት ሆድና የብዙ መቶ ዓመት ድስት ሆድ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን ብቻ መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ «ያረጀ ይመስላል» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ጥቁሩ ድንጋይም ብቻውን አያረጋግጥም። ባልጩት፣ ማለትም የእሳተ ገሞራ መስታወት ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው መልካ ቁንጥሬ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት መሣሪያ ተሠርቶበታል። በጋሞና በሐድያ ግን ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በባልጩት መፋቂያ ሲሠሩ ቆይተዋል። ባልጩቱን ከማንም ጋር ሳያጋጩ ለብቻው ይጠቅልሉት። እያንዳንዱ የእሳተ ገሞራ መስታወት የራሱ የንጥረ ነገር ስብጥር ስላለው ከየት ተራራ እንደመጣ በኤክስሬይ መሣሪያ መለየት ይቻላል።

የጊዜውን ስፋት ለማየት ያህል፦ በመልካ ቁንጥሬ የጥንቱ የድንጋይ መሣሪያ ንብርብሮች ውስጥ ሸክላ አይጠበቅም፤ ገና አልተፈጠረም ነበርና። በዓለም ላይ እስካሁን ከታወቁት ሁሉ የሚቀድመው በቻይና ሺያንሬንዶንግ ዋሻ የተገኘው ሲሆን 20,000 ዓመት ገደማ አለው። በአፍሪካ በማሊ ኡንጁጉ ከ11,000 ዓመት በላይ የሆነው ተገኝቷል። ስለዚህ ሸክላ ያለበት አመድ የቱንም ያህል ቢጠልቅ ከመልካ ቁንጥሬ የድንጋይ መጥረቢያዎች ጋር አይደመርም።

ጥልቀት ራሱም ያታልላል። ቦታዎ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ይህን በደንብ ይያዙት። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ አንድ ሜትር ድረስ ሊወርድ ይችላል። ላይ የተጣለ ገል በበጋ ስንጥቁ ውስጥ ይወድቅና በክረምት አፈሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ 1 ሜትር ከ20 ላይ የተገኘ ሁሉ 1 ሜትር ከ20 ላይ የኖረ አይደለም። መፍትሔው ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ነው። አንዱን ግድግዳ በአካፋ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይላጩትና ይመልከቱ። አመዱ እንደ ምንጣፍ አግድም የተዘረጋ መስመር ከሆነና ገሎቹ በሆዳቸው ወይም በጀርባቸው ተኝተው ከተገኙ፣ ንብርብሩ አልተነካካም ማለት ይቻላል። ገሎቹ እንደ ቢላ በቁም የተሰኩ ከሆነ ወይ በስንጥቅ ገብተዋል ወይ ወደ ጉድጓድ ተደፍተዋል። አመዱ የጎድጓዳ ሳህን ቅርጽ ካለው ደግሞ የቆሻሻ ጉድጓድ ነው፤ ይህ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፤ ምክንያቱም የተሞላው በአጭር ጊዜ ስለሚሆን ውስጡ ያለው ሁሉ የአንድ ዘመን ነው። ከዚያው ንብርብር ምስማር፣ የጠርሙስ ስባሪ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ከወጣ፣ በዚህ አካባቢ የሚያመለክተው ይልቁንም አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ጊዜ ነው። የባሕር ዛፍ ሥር ያለፈበት ቦታ ካለ ከዚያ የወጣውን ለብቻ ይያዙት፤ ሥሩ ሲበሰብስ የሚተወው ቀዳዳ የላዩን ዕቃ ወደ ታች ያወርዳል።

ትክክለኛው ዕድሜ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከገሉ ጋር ያለውን ከሰል ወይም በገሉ ውስጥ የተጋገረውን ቅሪት በራዲዮካርቦን፣ ማለትም ሕይወት የነበረው ነገር ከሞተ በኋላ እየቀነሰ በሚሄደው ካርቦን መለካት ነው። ፍልጥ ሳይሆን ቀጭን ጭራሮ ወይም የተቃጠለ ፍሬ ይመረጣል፤ የትልቅ ዛፍ እምብርት ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ብዙ ዘመን ሊቀድም ይችላልና። ሁለተኛው ሸክላው ለመጨረሻ ጊዜ በብርቱ እሳት የጋለበትን ጊዜ የሚለካው ቴርሞሉሚነሰንስ ነው። ለዚህ ገሉ ብቻውን አይበቃም። በአጠገቡ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ባለው ዙሪያ ከነበረው አፈር አንድ ሁለት ጭብጥ እርጥበቱን እንደያዘ ታሽጎ መቀመጥ አለበት፤ ዕድሜው የሚሰላው ሸክላው ከጋለ ወዲህ ካጠራቀመው ጨረር ስለሆነ ስሌቱ ከአፈሩ የሚወጣውንም ይጠይቃል። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከመቶ 5 እስከ 10 ነው። አንድ ወጥመድም አለው። ጎረቤት ለጎረቤት ፍም በገል ይሰጣጣ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የተሰበረ ገል ፍም ከተሸከመ ወይም ቤት ሲቃጠል አብሮ ከጋለ ሰዓቱ እንደገና ሊጀምር ይችላልና የሚገኘው ዕድሜ ከሸክላው ያንሳል።

ገሎቹን ሲያዩ ዓይን የሚሄደው ጌጥ ወዳለው ነው፤ ልማዱ እንደዚያ ነው፤ እኔ ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ። ጌጥ ፋሽን ነው፣ ቶሎ ይለወጣል፣ ከሰፈር ሰፈር ይኮረጃል። ጭቃውን እንዴት እንደጎተቱት፣ መቀመጫውን ከሆዱ ጋር እንዴት እንዳጣበቁት ግን እናት ለልጅ በእጅ የምታሳየው ስለሆነ እምብዛም አይለወጥም። ስብራቱ አግድም መስመር ይዞ ከሄደና በየ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትሩ ከተደጋገመ፣ ጭቃው በጥቅል በጥቅል ተደራርቦ መሠራቱን ያሳያል። ሰበሩ እንዳሻው ከሄደ ከአንድ ድቡልቡል ጭቃ ተጎትቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰፈር ሁለቱም ዘዴ እኩል ከተገኘ፣ ሁለት የተለያየ ቦታ የተማሩ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ በጋብቻ የመጣች ሴት ሊሆን ይችላል፣ ከገበያ የመጣ ዕቃም ሊሆን ይችላል።

የትኛው ገል ከየትኛው ዕቃ እንደመጣ ለማወቅ በአማርኛ ለሸክላው የሰጠነው የአካል ስም ይበቃል፦ አፍ፣ አንገት፣ ጆሮ፣ ሆድ፣ መቀመጫ። መጀመሪያ በእነዚህ ይለያዩ። ከሁሉ የሚጠቅመው የአፍ ገል ነው፤ ከእሱ የዕቃው ስፋት ይሰላል። የቅስቱን ሁለት ጫፎች በቀጥታ የሚያገናኘውን ርዝመት ይለኩ፣ ከዚያ መስመር መሃል እስከ ቅስቱ ያለውንም ከፍታ ይለኩ። ርዝመቱን በራሱ አባዝተው ለ8 እጥፍ ከፍታው ያካፍሉ፣ የከፍታውን ግማሽ ይደምሩበት፤ የሚወጣው የአፉ ግማሽ ስፋት ነው። ርዝመቱ 8፣ ከፍታው 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 64 ለ8 ሲካፈል 8፣ ግማሽ ሲደመር 8.5 ይሆናል፤ ስለዚህ አፉ 17 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከፍታውን ተሳስተው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብለው ቢለኩት ግን አፉ 32.5 ይሆንብዎታል፤ ድስቱ ጋን ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው ከሙሉ ክቡ ከመቶ 5 የማይሞላ የአፍ ቁራጭ የማይለካው፤ ከፍታው በጣም ስለሚያንስ ጥቂቷ ስህተት ሁሉን ታበላሻለች።

ከዚህ ቀጥሎ ስብራቱ ላይ የሚታየው ቀለም ነው። ጎንና ጎኑ ቀይ ሆኖ መሃሉ ጥቁር ከሆነ፣ እሳቱ አጭር ነበር፣ በጭቃው ውስጥ ያለው ገለባና ሥር ተቃጥሎ አላለቀም። የሜዳ እሳት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚተወው። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ከሆነ አየር ተነፍጎ፣ በገለባና በፋንድያ ታፍኖ ተተኩሷል። ጥቁሩና ቀዩ እንደ ቢላ በተቆረጠ መስመር ከተለያዩ ገና እንደጋለ ከእሳቱ ተስቦ በአየር ላይ ቀዝቅዟል። ይህን ለማየት ብለው ገሉን አይስበሩ፤ ቀድሞ ከተሰበረበት ላይ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይታያል። በዚያው መነጽር በጭቃው ውስጥ የገባውን አሸዋም ይዩ። ጭቃ ሲደርቅ ከመቶ 5 እስከ 10 ያህል ይኮማተራል። አሸዋ፣ ገለባ ወይም የተፈጨ ገል ካልገባበት ይሰነጠቃል፣ እሳት ላይም ይፈነዳል። የአዲስ አበባ ዙሪያ ድንጋይ እሳተ ገሞራ ወለድ ነው። በገሉ ውስጥ እንደ ብር ፍቅፋቂ የሚያብለጨልጭ ሚካ የተባለ ማዕድን በብዛት ካዩ፣ የሸክላው አፈር ምናልባት ጥንታዊው መሠረተ ድንጋይ ከሚታይባቸው እንደ ትግራይና ወለጋ ካሉ አገሮች የመጣ ሊሆን ስለሚችል በጣም የሚመረመር ገል ነው። ሸክላ ሠሪ አፈር ፍለጋ ከ7 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይርቅም፤ ከዚያ በላይ የተጓዘው አፈሩ ሳይሆን የተሠራው ዕቃ ነው።

ጥላሸት የማዕድ ቤቱን ታሪክ ይይዛል። ከጉልቻ ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ድስት መቀመጫው በጣም ስለሚግል ጥላሸቱ እዚያ ተቃጥሎ ይጠፋና ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ጥቁሩ በሆዱ ዙሪያ ነው የሚከማቸው። ከውስጥ የቃጠሎ ቀለበት ከአፉ በታች እንደ ቀበቶ ከዞረ ወጥ ወይም ገንፎ እየፈላ ውሃው ጎድሎ ነበር። ቃጠሎው ከመቀመጫው ላይ ከሆነ እህል በደረቁ ተቆልቶበታል። ጠፍጣፋ፣ አንዱ ፊት የለሰለሰ፣ ሌላው ሻካራና ጥላሸት ያለበት ወፍራም ገል ካለ የምጣድ ነው፤ ፊቱ ላይ የሚያብለጨልጨው ጥቁር ደግሞ ምጣዱ ሲሟሽ የጠጣው የጎመን ዘር ዘይት ሊሆን ይችላል። አንድ የኛ አገር ነገር ልብ ይበሉ፦ ውስጡ ጠቁሮ ውጪው ንጹሕ የሆነ ገል የግድ ምግብ ያረረበት አይደለም። ጋን ለጠላ ሲዘጋጅ በወይራ እንደሚታጠነው ከውስጥ ታጥኖ ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ በስህተት የድስት ገል ብሎ ይመዘግበዋል።

ወደተቦረቦረችው ገል ልምጣ፤ ከ40ው ሁሉ እኔን በጣም የምታጓጓኝ እሷ ናት። በጋሞ ደጋ በሰው ቤት ካሉ ዕቃዎች ጋር በተደረገ ጥናት ጠላ መሰል መጠጥ የሚቦካባቸው ሸክላዎች ውስጣቸው በአሲድ እየተበላ እንደሚቦረቦር ታይቷል። መጠጥ ለመጥመቅ ከቀለብ የተረፈ እህል ስለሚያስፈልግ፣ እንዲህ የተበሉ ጋኖች በባለጸጋ ቤት ይበዛሉ። ስለዚህ አንዲት ገል የማን ጓዳ ሙሉ እንደነበር ልትጠቁም ትችላለች። ነገር ግን ሁሉ ቡርቡር ጠላ አይደለም። ቡርቡሩ በውስጥ ብቻ ከሆነና ፈሳሹ ከሚደርስበት በላይ አንገቱ ደህና ከሆነ መፍላት ነው። ጉድጓዱ ሾጣጣ ሆኖ ከሥሩ ነጭ ነጥብ ካለ፣ በጭቃው ውስጥ የገባ ኖራ ጠጠር አብጦ ፈንድቷል። ረዣዥም ጭረት ከሆነ ማማሰያ ነው። ውስጡም ውጪውም፣ የተሰበረው ጠርዝ ጭምር ከተበላ ግን አፈሩ ነው የበላው፤ ከመሰበሩ በኋላ የደረሰበት ነውና ስለ መጠጥ ምንም አይናገርም። ጠርዟን በአጉሊ መነጽር ይዩ፤ ሁሉ ነገር የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ዓይን የማያየው ደግሞ በቤተ ሙከራ ይወጣል። ያልተለበጠ ሸክላ ቅባት ይጠጣል፣ ሺህ ዓመታትም ይዞት ይቆያል። ከገሉ ግድግዳ ጥቂት ግራም ተፈጭቶ የወተት ቅባት ከሥጋ ጮማ ይለያል። በዚህ ዘዴ ነው በሊቢያ ሰሃራ ታካርኮሪ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ አርብቶ አደሮች ወተት በሸክላ ያፈሉ እንደነበር የታወቀው። ጭቃው ሲቦካ የገባ እህልም አሻራውን ትቶ ይቃጠላል። በምሥራቅ ሱዳን ከከሰላ አቅራቢያ ከተገኙ ገሎች የወጣው የገለባ አሻራ ማሽላ ከ5,000 ዓመት በፊት መታረስ መጀመሩን አሳይቷል፤ አንድም የእህል ፍሬ ሳይሆን ባዶ ቀዳዳ ነው የመሰከረው። የጤፍ ፍሬ ግን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ አሻራው በቀላሉ ያመልጣል፤ ገሉ በብሩሽ ከተፈተገማ ጨርሶ አይገኝም።

ከአንድ ገል ይልቅ ክምሩ ብዙ ይናገራል፤ ሲቆጠር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ቤት ሁልጊዜ አንድ ድስትና አንድ ጋን ብቻ ነበረው እንበል። እሳት ላይ የሚወጣና የሚወርደው ድስት በየ2 ዓመቱ ቢሰበር፣ ከጥግ የማይነሳው ጋን 20 ዓመት ቢቆይ፣ በ20 ዓመት ውስጥ ከቆሻሻው 10 ድስትና 1 ጋን ይገኛል። ቆጣሪው «ይህ ቤት ድስት በድስት ነበር» ይላል፤ ቤቱ ግን የነበረው አንድ ብቻ ነው። ጋኑ 150 ቦታ፣ እያንዳንዱ ድስት 25 ቦታ ከተሰበረ ደግሞ ድስት 250፣ ጋን 150 ገል ይሆኑና ሌላ ስህተት ይመጣል። ስለዚህ ገል ይቆጠራል፣ በሚዛን ይመዘናል፣ የአፍ ገሎችም ከክቡ ስንት በመቶ እንደሆኑ ይደመራሉ፤ አንዱ 12፣ አንዱ 18፣ አንዱ 20 ከሆነ ከዚያ ዓይነት ዕቃ ግማሹ ተገኝቷል። የገሉ መጠንም ቦታውን ይናገራል። ከ3 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ በእግር የተረገጠ ስብርባሪ የሚያሳየው መተላለፊያ ነው፤ ትልልቅና ጠርዛቸው የሰላ ገሎች የቆሻሻ መጣያ ናቸው፤ ጠርዛቸው የዶለዶመ በጎርፍ ከዳገት የወረዱ ናቸው። በጣም ወፍራም የጋን ገል የበዛበት ሰፈር ሰዎቹ ረግተው ይኖሩ እንደነበር ያመለክታል። ከብት ተከትሎ የሚዘዋወር ቤተሰብ ቅልና ስልቻ እንጂ ጋን አይሸከምም። ለዚህም ገል የሌለበት ቦታ ሰው አልነበረበትም ማለት አይደለም።

አሁን ምን ይደረግ? በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከብ ድረስ መጠበቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ተጨማሪ መቆፈርም አይቻልም። በአቅራቢያዎ ያለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይነገረው። እስከዚያው ከዚያ ማዕዘን ሠራተኞቹን ያንሱ፣ ግድግዳውን 10 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ የተጻፈበት ማስመሪያ አስደግፈው ፎቶ ያንሱ፣ የአመዱ ንብርብር ከመሬቱ ፊት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ይጻፉ። ዝናብ ካለ ላዩን በላስቲክ ይሸፍኑት፤ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ከተኛ ንብርብሩ ይናዳል።

ገሎቹን እንደ ጥልቀታቸው በወረቀት ከረጢት ይለዩ፤ ጽሑፉን በእርሳስ፣ በሁለት ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉት፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ይሁን፤ የእስክርቢቶ ቀለም በእርጥበት ይጠፋል። የተቦረቦረችውንና ጥላሸት ካላቸው 5 ወይም 6 ገሎችን ግን በባዶ እጅ ሳይነኩ በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቅልሏቸው። ፌስታል የራሱን ኬሚካል ያስተላልፍባቸዋል፣ በእጅ ላይ ያለ ቅባትና ቅቤም እንዲሁ፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ የጥንቱ ወተት ሳይሆን የዛሬው እጅ ይወጣል። ሙጫ አይቀቡ፣ ስም አይጻፉባቸው። ከአጠገባቸው የነበረውን አፈር አንድ ሁለት ጭብጥ ለብቻው አሽገው ከእነሱ ጋር ያስቀምጡት።